እንቢ የማይባል ጥያቄ

ሱቫ፣ ፊጂ
መጋቢት 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ የአያቴ ወንድም፣ ለአባባ ባራኒኮ፤

ጤና፣ ሰላምና በረከት ከእርስዎ፣ ከቤትዎና ከጀልባዎ አይለይ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ግን ሊያቆም አልቻለም፤ የመስኮቱ እንጨት አብጦ አልዘጋ ስላለኝ ይህን የምጽፈው ወረቀቱን በክንዴ ከልዬ ነው።

ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፤ የእህትዎ የቴሬቲያ የልጅ ልጅ ነኝ። የአኪነቲ ልጅ፣ ታኦሪባ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩኝ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ከእናቴ ጋር ከታራዋ በመርከብ የመጣን ጊዜ ነው። የጀልባዎን መቅዘፊያ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አሁን በአንዲት ትንሽ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። አራት ሰዎች፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ። አገሮች የኑክሌር ቦምብን ጨርሶ የሚከለክለውን ውል እንዲያጸድቁ ደጅ እንጠናለን። ሃምሳ አገር ሲያጸድቀው ሕግ ይሆናል። እስካሁን ከሃያ ጥቂት ያለፉ ናቸው። ቦምቡ ያላቸው ግን አንዳቸውም ደጃፉን አልረገጡም። ሰው በዚህ ይስቅብናል። አንዳንድ ቀን እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ።

መስከረም ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሚሰበሰቡት መልእክተኞች የምትታደል ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። በ1958 ቦምቡ ኪሪቲማቲ ላይ በተደጋጋሚ ሲሞከር የነበሩ ሰዎች ቃል። አዋቂ ሆነው ካዩት መካከል የአምስት ሰው ስም ይዤ ነበር። ሁለቱ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ሁለቱ አእምሯቸው ደክሞ ጥያቄዬን አልለዩትም። አምስተኛው እርስዎ ነዎት።

ያዩትን ቢጽፉልኝ። እስከ ነሐሴ ቢደርሰኝ።

እጅዎን እስማለሁ።
ታኦሪባ

*

ፖላንድ መንደር፣ ኪሪቲማቲ
ሚያዝያ 20 ቀን 2019

ለልጄ ለታኦሪባ፤

አንቺንም፣ የረገጥሽውንም መሬት አምላክ ይጠብቅ። ደብዳቤሽ በረቡዕ አውሮፕላን መጥቶ፣ እዚሁ ደሴታችን ላይ ለንደን መንደር ሁለት ሳምንት ከርሞ፣ በኮኮናት መኪና ላይ ተንጋሎ ደረሰኝ። የደሴቲቱን ስም በትልቁ መጻፍሽ ብልህነት ነው። ለቄሳችን ለአባ የተላከ አንድ ደብዳቤ የፈረንጆቹ ፖላንድ ድረስ ሄዶ በረዶ አይቶ ተመልሷል ይባላል።

መቅዘፊያውን አልረሳሁም።

አማቼ ቢሪቦ ከኮኮናት ዛፍ ላይ ወደቀ። አልተጎዳም። የዛፉን ጭማቂ ሲቀዳ እንደ ወጉ እየዘፈነ ነበርና መሃል ላይ ዘፈኑ ሲቋረጥ ሚስቱ ከቤት ሆና፣ «ምን ሆነ? ግጥሙ ጠፋበት ወይስ ቅርንጫፉ?» አለች። ወፎቹ ዘንድሮ በጊዜ መጥተዋል። ባሕሩ ወደ ጉድጓዳችን እየቀረበ ነው፤ ሻያችን ጨው ጨው ይላል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ስለ ቦምቡ ጠየቅሽኝ። ብርሃን ነበር። ከዚያ ድምፅ ነበር። ከዚያ ምሳ በላን። ሌላ ምን አለ?

ደግሞ ዓይኔ ደክሟል። ይህን የምጽፈው ወረቀቱን ከፊቴ አርቄ፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ በግምት ነው። የማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ ምናልባት የሚታወሰኝ ይጨምር ይሆናል።

በጸሎት የማይረሳሽ፣
ባራኒኮ

*

ሱቫ፣ ግንቦት 15 ቀን 2019

ለተከበሩ አባባ ባራኒኮ፤

ጤናና ሰላም፣ ለቢሪቦም ጠንካራ ቅርንጫፍ ይስጥልን። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ስለላኩልኝ ሳቅ አመሰግናለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገርዎንም አነበብኩ። ብርሃን፣ ድምፅ፣ ምሳ። ደጋግሜ አነበብኳቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ፣ «እንዲሁ ብትጠይቂው በቀልድ ይሸኝሻል» ብላኛለች። ስለዚህ እንደ ወጋችን እጠይቅዎታለሁ። አባባ፣ ቡቡቲ። ያዩትን ይስጡኝ።

ይህን ቃል ለእርስዎ መጻፍ ከብዶኝ ነበር። ባለቤቴ ቪሊያሜ የፊጂ ሰው ነው፤ ሊያሾፍብኝ ይወዳል። «እናንተ ዘንድ ዘመድ ቡቡቲ ብሎ የጠየቀውን መከልከል ነውር ነው አይደል? ሸሚዝህን ብሎ ከጠየቀ ሸሚዝህን አውልቀህ ትሰጣለህ። ታዲያ ምን ያደክማችኋል? ባለ ቦምቦቹንም ቡቡቲ በሏቸውና ቦምቡን ተቀበሏቸው!» አለኝ። ሳቅን። በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታኦሪባ

*

ፖላንድ መንደር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2019

ለልጄ ለታኦሪባ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መነጽሩ ደረሰ። ፍሬሙ ቀይ ነው፣ የሴት ነው። ወደ መሰብሰቢያው ቤት፣ ወደ መኔአባችን፣ አድርጌው ብገባ ሽማግሌዎቹ፣ «እንኳን ደኅና መጡ እሜቴ» አሉኝ። ምንጣፌን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ይሳቁ። አሁን ፊታቸውን ጥርት አድርጌ አያለሁ፤ ከእኔ የተሻለ መልክ ያለው አንድም የለም። አመሰግናለሁ ልጄ።

ቡቡቲ አልሽኝ። እንቢ ማለት እንደማልችል እያወቅሽ። የጠየቅሽው ምን እንደሆነ ግን አታውቂም።

ባልሽ ቀልደኛ ነው። ቀልዱ ግን እውነት አለው፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ከሩቅ አይለመንም። በደብዳቤ የሚለምን እንዳንቺ ያለ ደፋር ብቻ ነው። ልመና በመኔአባ ውስጥ ነው፤ ሁሉም ነገድ በየቦታው ተቀምጦ እየሰማ። እንቢ ያለ ሰው በዚያ ሁሉ ዓይን መካከል አልፎ ነው የሚወጣው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲወጣ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ ተቀማጩን አብዙ። አሥር ሰው ባለበት እንቢ ማለት ቀላል ነው። ሃምሳ ሰው ባለበት ይከብዳል። መቶ ባለበት ደግሞ ሰውየው ከመጠየቁ በፊት ላብ ያጠምቀዋል። ሥራችሁ እንዲህ ከሆነ ገብቶኛል። የሚሳቅበት ነገር አላየሁበትም።

አሁን የጠየቅሽውን። ከመጀመሪያዎቹ ፍንዳታዎች በአንዱ ቀን የፈረንጅ ወታደሮች በመርከብ ጭነውን ከባሕር ዳር አራቁን። ሆዱ ውስጥ፣ ከታች አስገቡን። ለልጆች ከረሜላ ሰጡ። በሸራ ላይ አይጥና ድመት የሚባረሩበት የሥዕል ፊልም አሳዩን። ድመቷ ግድግዳ ስትመታ ሁላችን ሳቅን፣ ያኔ ነው መርከቡ የተንቀጠቀጠው። ሳቃችንን አላቋረጥንም። የፊልሙ መስሎን ነበር።

ሌላ ጊዜ መርከብም ቀረ። ባሕሩ ዳር ሸራ ከላያችን አድርገው ጀርባችሁን ስጡ አሉን። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ ሸፍኜ፣ የጣቶቼን አጥንት አየሁ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ኮኮናቶቹ አንድ ላይ ረገፉ። ሰማይ ላይ የቆመው ነገር ያምር ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ ምሳ።

እዚህ ላይ ክር አለቀብኝ። መንጠቆና ጠንካራ የመንጠቆ ክር ላኪልኝ።

ባራኒኮ

*

ሱቫ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2019

ለተከበሩ አባባ ባራኒኮ፤

ጤና ይስጥልኝ። መንጠቆና ክሩ በዚህ እሽግ ውስጥ ነው። ሁለት ዓይነት ገዝቼያለሁ፤ የቱ እንደሚሆን አላወቅሁም።

ስለ መኔአባው የጻፉትን ቢሯችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። አለቃችን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ታነበዋለች። ስለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቀጥሎ የምጽፈውን ስጽፍም ከልቤ እንደማመሰግን ያስቡልኝ።

አባባ፣ በምሳው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ። መጀመሪያ መነጽር፣ አሁን ክር። ቀጥሎ ምን ልላክ? ማጥመጃ ብልክ ዓሣ ይሉኛል።

ያልነገርኩዎት አለ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሳምንት አዋላጅ ነርሷ ቅጽ ስትሞላ፣ «በቤተሰባችሁ ተወልዶ የሞተ ሕፃን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም ልላት ነበር። አፌ ላይ ቆመ። ታራዋ ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «እማዬ? እማዬ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። «ባራኒኮን ጠይቂው። የሱ ነው።» ስልኩን ዘጋች።

የሱ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ከሆዴ ላይ አይነሳም። ጽሑፍ ስተይብ በአንድ እጄ ነው።

መጽሐፉ ይቅር። ለመጽሐፉ የጠየቅሁትን ትቼዋለሁ። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፤ ከእናቴ በፊት ሕፃን ነበር? ምን ሆነ?

ታኦሪባ

*

ፖላንድ መንደር፣ መስከረም 2 ቀን 2019

ልጄ፤

ዛሬ በረከቱን ከላይ መጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መጨረሻ ላይ ትገኛለች። ካነበብሽ በኋላም ከፈለግሻት ውሰጃት።

አዎ። ከእናትሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረች። አራት ቀን ኖረች። ስም አላወጣንላትም፤ እንደምትቆይ እስክናውቅ እየጠበቅን ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በወታደሮቹ ወጥ ቤት ድስት አጥባለሁ። ምግብ አብሳያቸው አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ስሜን መጥራት አቅቶት «ባሪ» የሚለኝ ሰው ነበር። ሁለተኛው ትልቁ ከፈነዳ ማግስት ከማጀት አወጣኝና በእጁ ዓሣ ሠራ፣ እንዲህ፣ እያወዛወዘ። ከዚያ እጁን አንገቱ ላይ አሳለፈ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ገባኝ። መንገድ ላይ ዓይናቸው የጠፋ ወፎች ተቀምጠው አይቼ ነበር፤ ስትቀርቢያቸው አይበሩም።

ቴሬቲያ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ በመርከብ ሥራ ሩቅ ነበር። ወታደሮቹ የሰጡን የቆርቆሮ ሥጋና ብስኩት አንገሽግሿታል። ሰሌኑ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ጠራችኝ።

«ባራኒኮ፣ ቡቡቲ። ከባሕሩ ኩሬ ዓሣ።»

«ቆርቆሮው አለ አይደል?» አልኳት።

«ቆርቆሮ በልቼ ቆርቆሮ ልውለድ?»

ሳቅሁ። መረቤን አነሳሁ።

ልጄ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ልነግራት እችል ነበር። እንቢ ማለት አይቻልም፤ «ዓሣው ታሟል» ማለት ግን ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያገኘሁት ሃያ ዓመት ቆይቼ፣ አንድ ቀን ጀልባ ስጠግን ነው። ያኔ አልታየኝም። እህት ስትለምን ምክንያት የሚያበዛ ወንድም፣ ሰነፍ ነው፣ ወይም ንፉግ ነው። ከዚያም ደግሞ የምግብ አብሳይ እጅ ነው ያየሁት። ተሳስቼስ ቢሆን? ውሃው እንደ ትናንቱ ነበር። እስከ ደረቴ ገባሁ። ለብ ያለ ነበር፤ ሁልጊዜም ለብ ያለ ነው።

ሦስት ያዝኩ። ጠበስኳቸው። በቅጠል አቀረብኩላት።

«አንተስ?» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ» አልኩ።

አልጠገብኩም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የእሷን ጣቶች እያየሁ ተቀመጥኩ። ሦስቱንም በላች። አጥንቱን መጠጠችው።

ምሳው ይህ ነው።

ዓሣው ይሁን፣ ብርሃኑ ይሁን፣ ያለዚያም የምትሞት ልጅ ትሁን አላውቅም። ማንም አያውቅም። ሐኪም አልመጣም፣ የጻፈም የለም። የማውቀው አለመብላቴን ነው። ስለ ዓሣው ብፈራ ለእሷም ልፈራላት ይገባኝ ነበር፤ ካልፈራሁም መብላት።

ከዚያ በኋላ እህቴ ለሠላሳ ሦስት ዓመት፣ እስክትሞት፣ ከእኔ አንዲት ነገር አልለመነችም። ጨው እንኳ። ጨው ሲያልቅባት ቤቴን አልፋ ሦስተኛው ቤት ትሄዳለች። ታውቂዋለሽ፤ በእኛ ዘንድ የሚለምንሽ ዘመድ ከሌለ ሞተሻል። ሰላም እያለችኝ፣ አብራኝ እየዘፈነች፣ በበዓል ከጎኔ እየተቀመጠች፣ ምንም አልለመነችኝም። የዓሣውን ነገር እንደማውቅ ያኔ አውቃብኛለች አልኩ። ፍርዴ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ኩሬ ዓሣ በልቼ አላውቅም። ባቀረቡልኝ ቁጥር ያንኑ ቃል እላለሁ።

ለአዋላጇ ንገሪያት። አትደብቂ። ለመጽሐፉም ከፈለግሽው ያንቺ ነው፤ ለምነሻል፣ ሰጥቻለሁ። የእኔን ስም ጻፊ፣ የእሷን ተዪው።

ጤና፣ ሰላም፣ በረከት ለአንቺና በሆድሽ ላለው።

ባራኒኮ

*

ሱቫ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2019

ለውድ አባባ ባራኒኮ፤

በረከትዎን ወስጃለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው፤ ከታች ወደ ላይ።

ለአዋላጇ ነገርኳት። ጻፈችው። ልጁን በማሽን አዩልኝ። ልቡ ይመታል፣ እጆቹ ሁለት ናቸው፣ ጣቶቹን ቆጥራ አሳየችኝ። ከዚህ በላይ የሚታወቅ ነገር የለም አለችኝ። እኔም ከዚህ በላይ እንዳልጠይቅ ራሴን እያስለመድኩ ነው።

ደብዳቤዎን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «ከኔ አንዲት ነገር አልለመነችም» ከሚለው ስደርስ አስቆመችኝ። «ምን አልሽ? ድገሚው።» ደገምኩት። ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ። ያለችኝን እንዳለችው እጽፍልዎታለሁ።

«እማማ ታውቅ ነበር። ከመርከቡ ሲወርዱ አስተርጓሚው ሴቶቹን ዓሣ አትብሉ ብሏቸዋል። እሷ ግን ውሃውን አየችው፣ ያው ነው። እርጉዝ ናት፣ ዓሣ አማራት። ወንድሟ በገዛ ፈቃዱ እንደማይገባ ገባት። ስለዚህ በማይከለከለው ቃል ለመነችው። ጠግቤያለሁ ሲላት ሆዱ ሲጮህ ሰምታዋለች። ያኔ እሱም እንደሚያውቅ አረጋገጠች፤ እያወቀ ለእሷ ሲል ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ እንደገባ። አላቆመችም። በላች። ‹እንደዚያ ዓሣ የጣፈጠኝ የለም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ› ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ባራኒኮን ለመለመን አፏ አልከፈት አለ። ‹ወንድሜን በዕድሜዬ ሙሉ የምለምነውን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሼዋለሁ› አለችኝ። ‹እንደማላውቅ መስሎት ይኑር፤ ይቀለዋል› ብላ አስማለችኝ።»

ይቀለዋል ብላ። ስልሳ አንድ ዓመት።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችሁን አሰብኩ። ሁለት ሰዎች፣ በአንድ መንደር፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን ለማሳረፍ ዝም ብለው። መውረጃዬን አለፍኩት።

መጽሐፏ ታትማ ሄደች። ሠላሳ ሁለት ገጽ ናት፤ አራቱ የእርስዎ ናቸው። ማተሚያ ቤቱን ለምነን፣ በመጨረሻው ቀን አስገባናቸው። ባለፈው ወር አገራችንም ውሉን አጸደቀች፤ በዚያው ቀን ሌሎችም አብረው ተቀመጡ። መጽሐፏ ምን ያህል እንደረዳች አላውቅም፤ ከፍ አድርጌ አላወራም። ኒው ዮርክ የሄደችው አለቃችን ግን የነገረችኝ አለ። አንድ የሩቅ አገር መልእክተኛ መጽሐፏን ይዞ ኮሪደር ላይ ወደ እሷ መጣ። «እኛ አልወሰንንም» አላት። ከዚያ፣ «ሰውየው ያን ቀን ምሳ አልበላም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አልበላም» አለችው። መጽሐፏን ይዞ ሄደ። ስሙን ጽፋ ይዛለች፤ ተመልሳ ትለምነዋለች።

ያልከለከሉኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። አያቴ ያልነገረችዎትን እኔ ልንገርዎት፤ አመሰግናለሁ፣ ስለ ዓሣውም።

የእርስዎ፣
ታኦሪባ

*

ፖላንድ መንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2021

ለልጄ ለታኦሪባ፣ ለቪሊያሜ፣ ለእናትሽም፤

በወጣችሁበት መግባት፣ በዘራችሁበት መብላት ይስጣችሁ። ዓመት ከአራት ወር ዘገየሁ። መጀመሪያ አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አምስተኛውን ስጨርስ በሽታው መጣና አውሮፕላኑ ቀረ። ረቡዕ የሚባል ቀን ጠፋ። ይህ በዕቃ መርከብ ይመጣል፤ ካፒቴኑን ቡቡቲ ብዬዋለሁ፣ እንግዲህ ምርጫ የለውም።

ልጅሽ መወለዷን በሬዲዮ ሰማሁ። በመርከብ መምጫና በሙት ማስታወቂያ መካከል አነበቡት፤ «ለባራኒኮ፣ ኪሪቲማቲ፣ ፖላንድ መንደር፤ ሴት ልጅ፣ ደኅና፣ ስሟ ቴሬቲያ።» ቢሪቦ ዛፍ ላይ ነበር፤ ዘፈኑን አቋርጦ ቁልቁል ጮኸ፣ «አባባ! ሰማህ?» ሰማሁ። ሬዲዮው ያለፈውን ዜና ይደግመዋል ብዬ እስከ ምሽት ከጎኑ አልተነሳሁም።

የእናትሽን ቃል ሁልጊዜ እሑድ አነበዋለሁ። በቀዩ መነጽር። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ይህን ልንገርሽ። ሆዴ ሲጮህ ሰምታ ዝም? ጨው ለመለመን ሦስተኛው ቤት ስትሄድ ከደጄ ተቀምጬ የማያት እኔ፣ እያወቀች? መቃብሯ ላይ ሄጄ ጮህኩባት። አንዲት አሮጊት፣ «ባራኒኮ ምን ሆነሃል? ሙት ይጮህበታል?» ስትለኝ፣ «ብድር አለብን» አልኳት። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ፣ ንዴቱ አልቆ፣ ሌላ ነገር በቦታው ገባ። ስሙን አላውቀውም። እረፍት ለማለት እፈራለሁ። ምስጋና ይቀርበዋል።

ሃምሳ መሙላቱን አባ ነገሩን። ባለፈው ወር ሕግ ሆነ አሉ። በመኔአባችን ተሰበሰብን። እንድናገር ጠየቁኝ፣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እንዲህ አልኩ። «ባለ ቦምቦቹ አልመጡም። እናውቃለን። ያልመጣ ነገድ ቦታው ግን አይያዝም፤ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፣ ባዶውን ይቆያል። እነሱም ባዶ ቦታቸውን በየስብሰባው ያዩታል። ጣሪያችን ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት ይከብደዋል። ጊዜ እንስጣቸው። መለመናችንን ግን አናቁም።» አንዱ ሽማግሌ፣ «እኛ እስኪመጡ እንኖራለን?» አለኝ። «አንኖርም» አልኩት። «ምንጣፉን ግን ዛሬ ማንጠፍ እንችላለን።» አነጠፍን። እውነቴን ነው፤ በሰሜን በኩል አንድ ሰሌን አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ልጆች ሲረግጡት እንቆጣለን።

ከስብሰባው ስወጣ ቢሪቦን ለመንኩት። ከዚያ ኩሬ ዓሣ። አየኝ። ስድሳውን ዓመት ሁሉ ባያይም፣ ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ምንም ሳይል ሄደ። ሦስት ይዞ መጣ፤ ስንት ብዬ አልነገርኩትም። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ውሃው ምን እንደያዘ ዛሬም የነገረን የለም፤ ውላችሁ እሱንም የሚመረምርና የሚያጸዳ ሰው ያመጣል ብለውናል አባ፣ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ግን ሁለት ጎረስኩ። ሦስት።

«አባባ፣ ልጨምር?» አለኝ ቢሪቦ።

«ጨምርልኝ» አልኩት።

አሁን እኔ ልለምንሽ፤ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ቡቡቲ፣ ታኦሪባ። ትንሿ ቴሬቲያ አፏን ስትፈታ፣ የመጀመሪያ ልመናዋ ለእኔ ይሁን። በስልክ ይሁን፣ በሬዲዮ ይሁን፣ ግድ የለኝም። የፈለገችውን ትለምነኝ፤ ጨው፣ ጀልባዬን፣ ሰማዩን። መቅዘፊያውን አስተካክዬዋለሁ፤ እሱንም ልትሰብረው ትችላለች።

ብቻ ቶሎ አስተምሪያት። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኋት ነው።

ባራኒኮ